ደብረ ብርሃን ለንብ የምትመች ከተማ እንድትሆን ነዋሪውን እንዴት እናበረታታ?

የበረሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ግንቦት 12 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም የንብ ቀን ብሎ የሰየመው ቀን ነው፤ መከበር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አስታክኬ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ላንሳ።

ከተማችን በፍጥነት እያደገች ነው። ትናንት ባቄላና ገብስ የነበረው መሬት ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ማደጉ ደስ ይላል። ግን አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ያለብሰዋል። ቦታ የተረፈው ደግሞ ሳርና ዘንባባ ይተክላል። መንገድ ዳር የሚተከለውም ከዚያ ብዙ አይለይም። ለዓይን ያምራል። ንብ ግን የምትቀስመው ነገር አታገኝበትም።

ስለ ንብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ማርን ብቻ ነው። ማሩ ትንሹ ጥቅም ነው። ባቄላ ንብ ስትጎበኘው የተሻለ ፍሬ ይይዛል። ኑግ ያለ ነፍሳት ዘር መያዝ ያቅተዋል። ዱባም እንደዚሁ። በዓለም ላይ ከሚመረቱት ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ከ4 ሦስቱ ይብዛም ይነስ በንብ፣ በቢራቢሮ፣ በዝንብና በመሳሰሉት ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በእኛ አገር ንብ የምትቸገረው በመስከረም አይደለም። መስከረምማ አደይ አበባው፣ ማገጡ፣ ባቄላው ሁሉ አለ። ችግሩ ከታህሳስ በኋላ ነው። አዝመራው ይሰበሰባል። ሜዳው በከብት ይጋጣል። የተረፈውን ውርጭ ያቃጥለዋል። በልግ ጥሎ መሬቱ እስኪያገግም ገጠሩ ባዶ ነው። ያን ጊዜ በየቀኑ ውሃ የሚደፋው የት ነው? ከተማ ነው። ጎመን የታጠበበት፣ ድንች የተለቀለቀበት ውሃ ወደ ቦይ ይሄዳል። ያ ውሃ ከጥር እስከ ሚያዝያ አበባ ቢያጠጣ ከተማችን ለዙሪያዋ ገበሬ ትልቅ ውለታ ትውላለች። ንብ ከቀፎዋ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ሄዳ ትቀስማለች። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቀፎ ሁሉ ይጠቀማል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ነዋሪው እንዲህ ያለ ግቢ እንዲኖረው ምን ቢያደርግ ይሳካለታል? በቅጣት የሚሆን አይመስለኝም። የሞከራችሁትን፣ ያያችሁትን ጻፉ።

ጤናአዳም

በጣም ጥሩ ጉዳይ ነው ያነሳኸው ወንድሜ። እኔ የምለው፣ ሰው አዲስ ነገር ትከል ከሚባል ያለውን እንዲያበዛ ቢነገረው ይቀለዋል።

እናቶቻችን ጓሮ ውስጥ ያለውን አስበው እስቲ። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ። ሁሉም ንብ የምትወዳቸው ናቸው። የጥብስ ቅጠል እኛ ጋ ውርጩን ችሎ ያልፋል፤ ሰማያዊ አበባው ላይ ንብ አይጠፋም። ጤና አዳም ለቡና ያስፈልጋል። ማንም ሴት ጤና አዳም በነፃ ብትሰጣት እምቢ አትልም።

ሌላው የአበሻ ጎመን ነው። ሲያረጅ ቶሎ እንነቅለዋለን። ሁለት ሦስት እግር ብንተውለት ቢጫ አበባ ያወጣል። ብርዱንም አይፈራም። ንቡ ይጠግባል፣ ዘሩም ለከርሞ ይሆናል። ለዚህ አስተዳደሩ አምስት ሳንቲም አያወጣም። መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከጠባሴ

ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። ኑሮው ከብዷል። አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው። ግቢ ያለውም ቢሆን ያለችው መሬት ጠባብ ናት። እሷ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት ልትከል ወይስ አበባ? ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። አስተዳደሩ አበባ ትከሉ ብሎ ቢመጣ ሰው የሚያስበው "ቅድሚያ ውሃውን" ነው። የሚሰማ የሚኖረው ለእንጀራው የሚጠቅም ነገር ይዞ የመጣ ብቻ ነው።

የበረሳ ልጅ

ትክክል ነህ፤ እንዲህ ያለው አስተያየት ያስፈልገናል። ግን አበባና ምግብ የተለያዩ አይመስለኝም። ዱባን ልውሰድ። የዱባ ተክል ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው። ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት አላት። የወንዱ ብናኝ ካልደረሳት ያቺ እብጠት ትቢጫለች፣ ትወድቃለች። ብዙ ሰው "ዱባዬ አበበ፣ ግን አልያዘም" ይላል። ብዙ ጊዜ የጎደለው ማዳበሪያ ሳይሆን ንብ ነው። ዙኩኒም፣ ኪያርም እንደዚያው ነው።

አፕል የተከላችሁም እንደዚሁ። አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ ብናኝ አያፈራም። በአቅራቢያው ሌላ ዝርያ ይፈልጋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የምታመላልሰው ደግሞ ንብ ናት። አንድ እግር ብቻ ተክላችሁ ፍሬ ያጣችሁ ካላችሁ ከጎረቤት ጋር ተስማሙና እሱ ሌላ ዝርያ ይትከል።

ስለዚህ ቃሪያህን ትከል። በአጥሩ ሥር፣ ለቃሪያ በማይሆነው ጥግ ላይ ደግሞ የጥብስ ቅጠል አድርግ። ለተከራይ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃዋል። ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል።

አናቢው

ልጆቼ፣ ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

የበረሳ ልጅ ያልከው ትክክል ነው። የእኛ አገር ንብ የምትራበው በበጋው አጋማሽና በበልግ መግቢያ ነው። የህዳሩን ማር ቆርጠን ስናበቃ ሰው ቀፎውን ይረሳዋል። ንቧ ያጠራቀመችውን ወስደንባት ሜዳው ደግሞ ባዶ ከሆነ ሁለት ምርጫ ነው ያላት። ወይ ትሞታለች፣ ወይ ጥላ ትሄዳለች። "ንቤ ጠፋብኝ" የሚለው ገበሬ አብዛኛው በዚህ ወቅት ነው የሚጠፋበት።

በዚያ ሰዓት የሚያብብ ዛፍ ጠይቁ። አንዱ ግራዋ ነው። በጥር አካባቢ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ንብ ትረባረብበታለች። ግንዱን ቆርጠህ ብትተክለው ይበቅላል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ እንስራውን የሚያጥበው በግራዋ ነው። እንግዲህ ግራዋ ትከሉ ብሎ ለማሳመን ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ኮሶም በበጋ ያብባል። ለጠባብ ግቢ ትልቅ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ለትምህርት ቤት ግን ይሆናል።

በግ ላለው ደግሞ ትሪ ሉሰርን አለ። ደጋን ይወዳል። ቅጠሉን በጉ ይበላዋል፣ ነጭ አበባውን ንቧ ትቀስመዋለች። የከተማ ሰው በግ ያረባል እኮ። ግብርና ባለሙያዎች ለመኖ ነው የሚያስተዋውቁት። ለንብም እንደሚሆን አብሮ ቢነገር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ውሃ። ሰፊ ሳህን ላይ ጠጠር ደርድሩና ውሃ አድርጉበት። ጠጠሩ ንቧ ቆማ እንድትጠጣ ነው፤ አለበለዚያ ትሰምጣለች። በበጋ ከአበባ እኩል ነው የምትፈልገው።

የማርታ እናት

አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። የአገራችን ንብ ደግሞ ቁጡ ነው። በግቢዬ ንብ የሚስብ ነገር ተክዬ ልጆቼን ቢነድፉብኝስ? ከጎረቤት ልጆች አንዱ በንብ መንደፍ ፊቱ አብጦ ሐኪም ቤት ሲወሰድ አይቻለሁ። አስተዳደሩ ይህን ካልመለሰ እናቶች አይተክሉም።

አናቢው

ልጄ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። መልሱን በግልጽ ልንገርሽ።

አበባ መትከልና ቀፎ መስቀል ለየቅል ናቸው። ንብ የምትቆጣው ቤቷን ስትጠብቅ ነው። አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራ ላይ ናት፤ ካልረገጥሻት ወይ ካልጨበጥሻት አትነድፍም። ስለዚህ ለጠባብ ግቢ የምመክረው አበባውን ብቻ ነው። ቀፎ ሰው ከሚመላለስበትና ከብት ከሚታሰርበት ርቆ መሆን አለበት። ከተማ ውስጥ አጥር ለአጥር ተጠጋግተን እየኖርን ቀፎ አምጡ የሚል ካለ አትስሙት። አስተዳደሩም ሲቀሰቅስ ይህን ነጥሎ መናገር አለበት።

ለልጆችሽ ሁለት ነገር አስተምሪያቸው። አበባ ውስጥ በባዶ እግር አይሩጡ። ንብ ስትመጣ በእጃቸው አያባሩ፣ ቀስ ብለው ይራቁ። ከነደፈች መንደፊያውን ቶሎ በጥፍር ፍቆ ማውጣት ነው። ፊትና ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው። እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ፤ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይጠንቀቅ።

ሌላም ልበልሽ። አበባ የሚጎበኘው ማር የሚሰጠው ንብ ብቻ አይደለም። ቢራቢሮ አለ። የማይነድፉ ዝንቦች አሉ። ጣዝማ አለች፤ መሬት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ መንደፊያ የላትም። ብቻዋን የምትኖረው እንጨት በሺዋ ትልቅ ጥቁር ንብም ካልያዝሻት ዞር ብላ አታይሽም።

የማርታ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። እንዲህ ከሆነስ ከበር ራቅ አድርጌ በጓሮ በኩል እተክላለሁ።

አደይ

እኔ የምጽፈው ቅሬታ ነው።

አጥሬ ጎን ባለችው ክፍት ቦታ ላይ አደይ አበባው ራሱ በቅሎ እንዲያምር አድርጌ እጠብቀው ነበር። ሙጃውን ነቅዬ፣ ዙሪያውን አጽድቼ። በመስከረም መጨረሻ የሰፈር ጽዳት ዘመቻ መጣ። አበባው እንዳለ ታጨደ። "አረም ነው" ተባልኩ። በዓመቱ በዚያ ቦታ ላይ የወጣው አደይ አንድ እጅ አይሞላም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አደይ አበባ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ከዘር ነው የሚመጣው። ዘሩን ሳይጥል ከታጨደ እየሳሳ ይሄዳል። ለእንቁጣጣሽ እቅፍ አድርገን የምንሰጠው፣ የምንዘፍንለት አበባ በገዛ ከተማችን በማጭድ እያለቀ ነው።

ስለዚህ አስተዳደሩ ነዋሪውን ከማበረታታቱ በፊት እጁን ይሰብስብ። እሱ ራሱ መቼ እንደሚያጭድ ቀን ይቁረጥ። እኔ የማቀርበው ቀን አለኝ፤ ህዳር 12። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የህዳር በሽታ ወዲህ ህዳር ሲታጠን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥልበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ አደዩ ዘሩን ጨርሶ ይጥላል። "ከህዳር ሲታጠን በፊት አደይ አይታጨድ" ቢባል ማንም አይረሳውም። ለማስታወቂያ ብር ማውጣትም አያስፈልግም።

ጤናአዳም

አደይ፣ ይህን ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። በዚያው ላይ ልጨምር። ሲታጨድ ራሱ ደረቁን ራስ በጆንያ ላይ አርገፍገፍ አድርጎ ዘሩን መሰብሰብ ይቻላል። የደረቀውን አበባ እንዳለ ከቆሻሻው ጋር ማቃጠልም አይገባም። አገዳው ውስጥ የሚያድሩ ነፍሳት አሉ። በጓሮ ጥግ ቢከመር ይበሰብሳል፣ ለአፈሩም ይጠቅማል። የሚቃጠለው ፌስታልና ቆሻሻው እንደሆነ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።

መምህርት ከመሐል ሜዳ

ከመንዝ ነው የምጽፈው። ስለ ደንብ ስለተነሳ ነው የገባሁት።

እኛ ጋ ጓሳ የሚባል ሕዝቡ የሚጠብቀው የሳር መሬት አለ። ሳሩ የሚታጨደውና ከብት የሚገባበት ጊዜ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የሚወሰነው ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ነበር። ሕዝቡ ራሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያቆመው ሥርዓት ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ይከፈት ነበር። ያ ጠባቂ ተቀጥሮ የመጣ አይደለም። ሰው ራሱ ያወጣውን ደንብ ራሱ ያስከብር ነበር። ዛሬም ጓሳ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምወስደው፣ ከተማው መመሪያ አውጥቶ ከሚልክ እድሮቹን ይጠይቅ። እድር ውስጥ የሌለ ሰው የለም። ተከራዩም አለ፣ ባለቤቱም አለ። እድሩ በወር ስብሰባው ላይ "በሰፈራችን ያለችውን ክፍት ቦታ እኛ እንይዛለን፣ አደይ ከህዳር በፊት አይታጨድባትም" ብሎ ቢወስን ዘመቻ የሚመጣው ሰው እድሩን አልፎ አያጭድም። አስተዳደሩ ደግሞ ቦታውን በደብዳቤ ለእድሩ ይስጥ። በኃላፊነት የሚጠብቀው ያገኛል።

ስለ ጦስኝም አንድ ማሳሰቢያ። ከተራራው እየተነቀለ ወደ ገበያ የሚወጣው ብዙ ነው። ከሥሩ ነቅላችሁ አትውሰዱ። ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ግቢ ውስጥ አራቡት። ጦስኝ የደጋ ተክል ነው፤ ደብረ ብርሃን ይስማማዋል። በከተማ ግቢ ከበዛ ተራራው ላይ ያለው ይተርፋል።

ትምህርት ቤቶችን አትርሱ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በየትምህርት ቤቱ አለ። ተማሪው ቅርንጫፍ ይዞ ቤቱ ሲገባ እናትና አባት እምቢ አይሉም።

ሚኒሶታ ያለሁት

የጠባሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው አሜሪካ ሚኒሶታ ነው። እዚህ የሚደረገውን ልንገራችሁ፣ ከመሬቱ ጋር አስማሙት።

እዚህ ግዛቱ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ፕሮግራም ጀምሯል። ሳር የነበረውን ግቢውን የአገሬው አበባ ለሚያደርግ ነዋሪ ከወጪው የተወሰነውን ይመልስለታል። ሲጀመር እስከ 350 ዶላር ነበር። የገንዘቡን ያህል ምክርም ይሰጣል። ምን ልትከል፣ መቼ ልትከል የሚለውን የሚያሠለጥን ሰው ይመድባሉ። ያነሳሳቸው እየጠፋ የመጣ አንድ የንብ ዝርያ ነው። በዚያው ዓመት የግዛቱ ንብ ብለው ሰይመውታል።

ኮስታ ሪካ ውስጥ ደግሞ ኩሪዳባት የምትባል ከተማ አለች። ንቦችን፣ ቢራቢሮዎችን፣ ዛፎችን የከተማዋ ዜጎች ብላ እውቅና ሰጥታለች። ሆላንድ ውስጥ ዩትሬክት የ316 አውቶቡስ ማቆሚያዎቿን ጣሪያ ለንብ በሚሆን ተክል ሸፍናለች።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ለደብረ ብርሃን የሚሆነው ገንዘቡ አይመስለኝም። አሠልጣኙ ነው። ሰው የሚያቆመው ማወቅ ሲያቅተው ነው። ደግሞ እዚህ የለመዱት አንድ ጥሩ ነገር አለ። አበባው በዝቶ የተተወ እንዳይመስል ዳሩን በድንጋይ ይከቡታል፣ ትንሽ ጽሑፍም ያቆማሉ። ያኔ ጎረቤት "ግቢውን ረሳው" አይልም። አደይ የደረሰባት ነገር በአንድ ሰሌዳ ሊቀር ይችል ነበር። "ለንብ የተተወ፣ ከህዳር 12 በኋላ ይታጨዳል" ማለት ይበቃል።

ሮቢት

እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ደጋዎች፣ ቆላንም አስታውሱን። እናንተ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናችሁ፣ እኛ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ነን። ውርጭ የለብንም። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ማሾው አለ። ማንጎን በብዛት የምታዳቅለው ዝንብ እንደሆነች ስንቱ ያውቃል?

የእኛ ችግር ፀረ ተባይ መርጨት ነው። ሽንኩርት ላይ፣ ቲማቲም ላይ ይረጫል። ብዙ ጊዜ በጠዋት፣ ልክ ንብ በምትወጣበት ሰዓት። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይ ንብን ይፈጃል። ነፋስ ካለ ጎረቤት ማሳ ድረስ ይሄዳል። ከተማ ውስጥም አጥሩን፣ ጽጌረዳውን የሚረጭ አለ።

የእኔ ሐሳብ አስተዳደሩ የፀረ ተባይ መድኃኒት ሱቆቹን ይያዝ። ሻጩ ጠርሙሱን ሲሰጥ "ያበበ ነገር ላይ አትርጭ፤ የግድ ከሆነም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንቡ ሲገባ" እንዲል ያሠልጥነው። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 የሚባል ሕግም አለ። አስተዳደሩ ከዜሮ አይጀምርም። ግቢ ውስጥ አበባ አብዝቶ አበባው ላይ መርዝ መርጨት ንብን ጠርቶ መግደል ነው።

ከጠባሴ

ባህር ዛፍስ? ዙሪያችን ሁሉ ባህር ዛፍ ነው። ለንብ ይሆናል ሲባል እሰማለሁ። ከሆነማ ምን ቸገረን?

አናቢው

ይሆናል። ሲያብብ ንቧ ትሠራበታለች፣ ማሩም ጥሩ ነው። እኔ ባህር ዛፍን አልሳደብም፤ ስንቱን ቤተሰብ አጣና ሽጦ አስተምሯል። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ ሳይደርስ ከተቆረጠም አያብብም። ብዙው ደግሞ ለአጣና ስለሚፈለግ በልጅነቱ ነው የሚቆረጠው። በአንድ ዛፍ መመካት ለንብ አይበጅም። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ብቻ ቢበላ እንደሚደክመው ነው። ቅልቅል ያስፈልጋታል።

ችግኝ ጣቢያ

የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። መሥሪያ ቤቱን ወክዬ አይደለም፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ችግኝ እናዘጋጃለን። እቅዱ የሚለካው ግን በዛፍ ቁጥር ነው። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ማዘጋጀት በእቅድ ውስጥ ካልገባ ማንም አያዘጋጅም። ስለዚህ "ነዋሪውን አበረታቱ" ከምትሉ "ከሚፈላው ችግኝ የተወሰነው እጅ ለንብ የሚሆን ይሁን፣ በእቅድ ይገባ" ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ የምንጠየቅበት ሥራ ይሆናል። የሌማት ትሩፋት ማርንም ስለሚይዝ ከዚያ ጋር ብታያይዙት የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ።

አሁን ሥራው። የጥብስ ቅጠል ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ስር አስቀምጡ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ዛሬ ብትጀምሩ በሐምሌ መትከል ትችላላችሁ። ግራዋ ከዚያም ይቀላል። ትሪ ሉሰርን ግን ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት አለው። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ውሃው ሲበርድ እያበጠ የመጣውን ዝሩ። እንዲሁ ከዘራችሁት አብዛኛው አይወጣም።

ለደጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስላለ አዲስ ተክል ክረምቱን ሙሉ ሥር መስደድ አለበት። በመስከረም የተከላችሁት ሳይጠነክር ውርጭ ይይዘዋል። በሶብላና ዱባ ውርጭ አይችሉም። እነሱን ቤት ጥግ ላይ፣ ግድግዳ ሙቀት በሚይዝበት ቦታ አድርጉ።

የበረሳ ልጅ

ይህ የምፈልገው ዓይነት መልስ ነው። ሰዓቱም አላለፈም ማለት ነው።

ስለ ማበረታቻ አንድ ሐሳብ ላክል። ውድድር ይደረግ ከተባለ በመስከረም አይሁን። በመስከረም ሁሉም ግቢ ያማረ ነው። በየካቲት ይሁን። በየካቲት አበባ ያለው ግቢ ማለት በእርግጥ የለፋ ሰው ግቢ ነው፣ ንቧም የምትፈልገው ያን ጊዜ ነው። ሽልማቱም ለሥራው የሚረዳ ይሁን። ለእድር አንድ ሮቶ ቢሰጥ ለውሃው ችግርም ይሆናል፤ ከጠባሴ ያነሳው ጥያቄ በከፊል ይመለሳል። ለተከራዮች ደግሞ የብቻቸው ዘርፍ ይኑር፣ በጀሪካንና በአሮጌ ጎማ የተከሉት ይወዳደሩበት።

መንገድ ዳር ያለውን የሚንከባከቡት በማህበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ውላቸው ላይ "ያበበ አይታጨድ፣ ያበበ አይረጭ" የሚል አንድ መስመር ቢገባ የከተማው ገጽታ ይለወጣል። ነዋሪውም አስተዳደሩ ሲያደርገው ካየ ይከተላል።

አደይ

የእድር ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ። ሦስት ነገር ብቻ እንጠይቅ። አንደኛ፣ አደይ ከህዳር 12 በፊት እንዳይታጨድ። ሁለተኛ፣ በችግኝ ጣቢያው እቅድ ውስጥ ለንብ የሚሆን እንዲገባ። ሦስተኛ፣ ክፍት ቦታው ለእድር በደብዳቤ እንዲሰጥ። ከበዛ አይነበብም። የሚፈርም እድር ያላችሁ እዚህ ጻፉ።

ከጠባሴ

የእኛ እድር ስብሰባ በሰኔ መጀመሪያ እሁድ ነው። ደብዳቤው እስከዚያ ከደረሰ እኔ አነበዋለሁ። የሮቶውን ነገር ግን ጨምሩበት፤ ሰው ስለ ውሃ ሲሰማ ነው የሚያዳምጠው።

ጤናአዳም

እኔ ቤት የጥብስ ቅጠሉ አጥሩን አልፎ ወጥቷል። ቅርንጫፍ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ አድራሻውን በውስጥ መልእክት እልካለሁ። አሸዋ ይዛችሁ ብትመጡ እዚያው እንሰካዋለን። የማርታ እናት፣ ልጆቹንም ይዘሽ ነይ።

የማርታ እናት

እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚሻለው? ከ9 ሰዓት በፊት ከሆነ ልጆቹ ከትምህርት አልወጡም።

ጤናአዳም

ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት የለባቸውም እህቴ፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ካላቸው ግን 9 ተኩል ይሁን። ፌስታል አታምጪ፣ እርጥብ ጨርቅ አምጪ። ቅርንጫፉ እንዳይደርቅ።